ሥዕልም ይማሩታል፦ በቂሊንጦ ለ8ኛ ክፍል ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር



የጠራችሁኝ ስለ ሥዕል ትምህርት እንድናገር ነው፤ ደስ ብሎኝ መጥቻለሁ። ወደ አዳራሹ ከመግባቴ በፊት በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የለጠፋችኋቸውን ሥራዎች እየቆምኩ አይቻለሁ። ውኃ የሚጠብቅ የጄሪካን ሰልፍ አለ። ከታች ወደ ላይ ታይቶ የተነደፈ የኮንዶሚኒየም ደረጃ አለ። በእርሳስ ብቻ የተሠራ፣ ሽንኩርት የሚከትፍ የእናት እጅም አለ። ይህን እጅ የነደፈው ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የአውራ ጣት ጥፍር ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ግን ቁጭ ብሎ አይቷል። ሳያዩ እንደዚያ አይነደፍም።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አጭር ነው፤ ሥዕል የሚማሩት ነገር ነው። «እኔ ሥዕል አልችልም» የሚል ልጅ በየክፍሉ አለ። «እሱ እኮ ተሰጥኦ ስላለው ነው» የሚል ወላጅም በየቤቱ አለ። በእርግጥ ፈጣሪ ለአንዳንዱ ፈጠን ያለ እጅ ይሰጠዋል። ነገር ግን ሒሳብ አልገባ ላለው ልጅ ከኪሳችን አውጥተን አስጠኚ እንቀጥርለታለን፤ ሥዕል አልሆን ላለው ግን «አልተፈጠረለትም» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ ብዙ ልጆችንም ጎድቷል።

እናንተ እዚህ ቂሊንጦ ያደጋችሁ ልጆች ደጃችሁ ላይ ጥሩ መምህር አላችሁ። ከግቢው ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ የረር አለ። ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ደቡብ ስታዩ ዝቋላ አለ። አሁን አንድ ክፍል ሙሉ ልጆችን «ተራራ ሳሉ» በሏቸው። ሁሉም ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፣ በመካከላቸው ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ፣ ከግርጌ የሣር ቤት፣ ከቤቱ በር የሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ። እንዲህ ያለ ተራራ በአገራችን የትም የለም። የረር ትከሻው ሰፊ ነው፤ ጫፉም አንድ አይደለም። ዝቋላ ብቻውን ከሜዳ የተነሣ ነው፤ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያረፉበት ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ጫፉ የተከረከመ ይመስላል።

ልጆቹን ወደ ውጭ አውጧቸውና ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእርሳሱ የተራራውን ቁመት ከስፋቱ ጋር እንዲለኩ አሳዩአቸው። ቁመቱ ስፋቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቁጠሩ። ሩቅ ያለው ገረጣ፣ ቅርብ ያለው ጠቆር ብሎ እንደሚታይም ጠይቋቸው እንጂ አትንገሯቸው፤ ራሳቸው ይደርሱበታል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ ያለው የረር ነው። መስመሩ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፣ ወረቀቱም በላጲስ ብዛት ሳስቷል፤ ግን የረር ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ለዚያ ልጅ የተጨመረለት ተሰጥኦ የለም። የተጨመረለት ማየት ነው።

እኔ ሥዕል የጀመርኩት እንደ አብዛኛው ያገሬ ወንድ ልጅ በእንቁጣጣሽ ነው። ጳጉሜ ሳይገባ ከደብተራችን መሐል ሉክ እንገነጥላለን። የሰፈሩ ጎበዝ የሳለውን ሥዕል መስኮት ላይ አስደግፈን፣ በላዩ ባዶውን ወረቀት ደርበን፣ ብርሃኑ የሚያሳየንን መስመር እንከተላለን። መልአክ፣ አደይ አበባ፣ ወፍ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ»። ሴቶቹ አበባዬሆሽ ሲሉ እኛ ሥዕላችንን ይዘን በየደጁ እንዞር ነበር። ጎረቤትም ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም ይሰጣል፣ ግድግዳውም ላይ ይለጥፈዋል። የልጅን ሥራ በየዓመቱ በእንዲህ ያለ ክብር ቤት ለቤት የሚቀበል ሕዝብ መሆናችን ያኮራኛል። አሁን ግን ብዙ ልጅ የታተመ ወይም ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሥዕል ከሱቅ ገዝቶ ነው የሚያዞረው። መስኮት ላይ መቅዳትም መቅዳት ነው ትሉኝ ይሆናል። ነው፤ ግን እጅን ያሠራል። የታተመው ወረቀት ለልጁ የሚያስተምረው ምንም ነገር የለም።

ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ ያስተማረኝ የመማሪያ መሣሪያ ሥራ ነው። ወላጆች ታስታውሱታላችሁ። የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ ይደርቃል፣ ላይና ታች እንጨት ይገባለታል፣ ከዚያ የሳይንስ መምህሩ ያዘዘው ይሣልበታል። ለእኔ የደረሰኝ የምግብ መፍጫ ሥርዓት ነበር። ትንሹን አንጀት እጥፋቱን ሳላዛንፍ ለመሥራት ስታገል ስሙንም ሥራውንም ሳልሸመድድ ያዝኩት። የኢትዮጵያን ካርታ በፍርግርግ ያሰፋ ልጅም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለውን ትንሽ ካርታ በካሬ ከፍሎ፣ በትልቁ ወረቀት ላይ ያንኑ ያህል ካሬ ሠርቶ፣ አንዱን ካሬ ከአንዱ እያመሳሰለ ይሄዳል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ሱዳን በቀጥታ እንደማይሄድ፣ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዶ ጎጃምን እንደሚዞር ያ ልጅ በጣቱ ያውቀዋል። ይህን የመሰለ እውቀት ፈተና ሲያልፍ አብሮ አያልፍም።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከመምህር እግር ሥር የሚገኝ ትምህርት ነው። ተማሪው ቀለም እየበጠበጠ፣ የመምህሩን መስመር እየተከተለ ሥርዓቱን ይለምዳል። ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን የሚሣሉት በዚሁ ሥርዓት ነው። የዘመናዊው ሥዕላችን ታላቅ ሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ለሥዕል ቅርብ ሆኖ ያደገው አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሊቅ ስለነበሩ ነው። ከዚያም ጀርመን አገር ኮሎኝ ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም አስተማረ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ወደ ሥዕል ሲዞሩም ዝም ብለው ብሩሽ አላነሡም፤ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተማሩ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕላቸው ከዚያ ትምህርት በኋላ የመጣ ነው።

ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ ያገኙትን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። እኔም ከዚያው የወጣሁ ነኝ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቬኒስ ቢናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት ሥራዎቹን ያቀረበው ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳም ከዚሁ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከዚያ ወደ ጀርመን ሽቱትጋርት የተሻገረ ነው።

ሁላችሁም ሠዓሊ ትሆናላችሁ አልልም፤ መሆንም የለባችሁም። እዚሁ ሰፈራችሁ ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የምትገቡ ትኖራላችሁ፤ ያኔ ያሰባችሁትን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይጠበቅባችኋል። ልብስ ሰፊውም አናጺውም ከመቁረጡ በፊት መስመር ያሠምራል።

አሁን ለመምህራንና ለአስተዳደሩ አንድ ልመና አለኝ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ መጽሐፍም ክፍለ ጊዜም አለው። ሚኒስትሪ ላይ ስለማይፈተን ግን በብዙ ቦታ የፈተና ወቅት ሲደርስ መጀመሪያ የሚወሰደው የእሱ ሰዓት ነው። እባካችሁ አትውሰዱት። ተማሪው ነገሩን ራሱን አተኩሮ የሚያይበት ሰዓት ነው፤ ያን የሚተካ ሌላ ትምህርት በፕሮግራሙ ላይ አላየሁም። ወላጆችም ካርድ ስትቀበሉ የሥዕሉን ውጤት ዘላችሁ አትለፉ። ልጃችሁን «አምጣው እስቲ፣ የሠራኸውን አሳየኝ» በሉት።

ልጆቼ፣ ክረምቱ ረጅም ነው። መስመር የሌለው ደብተርና አንድ 2ቢ እርሳስ ይበቃችኋል። ዝናቡ ሲያባራ ወጥታችሁ የረርን ሳሉት። ዝናብ ሲሆን ቤት ውስጥ ጀበናውን፣ ጫማችሁን፣ የተኛ ወንድማችሁን ንደፉ። አልሆን ካላችሁ ገጹን አትቅደዱ፤ ገልጣችሁ በሚቀጥለው ላይ ሞክሩ። መስከረም 1 ቀን ለጎረቤት የምትሰጡት ሥዕል ደግሞ ከሱቅ የተገዛ ሳይሆን በእጃችሁ የሠራችሁት ይሁን፤ ታናናሾቻችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አሳዩአቸው።

እንኳን ደስ አላችሁ።