ዋዛው ዋዛ አይደለም

(አሶሳ ላይ ለተሰባሰቡ ሙዚቃ ወዳድ ወጣቶች ስለ ራፕና ስለ ገበያው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ከማሳጠሬ በቀር እንዳለ ቀርቧል።)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ «ራፕ ያበላል ወይ?» የሚል ነው። ቤት ውስጥ ወላጆቻችሁም ይህንኑ እንደሚጠይቋችሁ እገምታለሁ፤ እነሱ ሲጠይቁት ድምፃቸው ትንሽ ከረር ይላል እንጂ ነገሩ ያው ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገርና ማስረጃውን ቀስ ብዬ ላምጣ። አዎ፣ ያበላል። ነገር ግን ማንን እንደሚያበላ አስቀድሞ በወረቀት ካልሰፈረ፣ ዘፋኙ ሳይቀምስ ገበታውን የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ይህን የምለው ስለ ሆድ ብቻ አስቤ አይደለም። ከገዛ አድማጩ የማይበላ ዘፋኝ ከአንድ ጌታ እጅ መብላቱ አይቀርም። ከሰው እጅ የሚበላ ደግሞ ሲያጎርሱት አፉን ይከፍታል፣ ዝም በል ሲሉት ይዘጋል። በአገራችን ይህ ያልታየበት ዘመን የለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ብር ሳወራ ስለ ነፃነት እያወራሁ መሆኑን ያዙልኝ።

እስቲ ከሥሩ እንነሳ። ራፕ የተወለደው ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ በሚባለው የድሆች ሰፈር ነው። ልደቱ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ትውልደ ጃማይካዊው ዲጄ ኩል ኸርክ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ሙዚቃ ካጫወተበት የሰፈር ጭፈራ ጀምሮ ነው። ለስድስት ዓመት ያህል ነገሩ የሰፈር ጨዋታ ሆኖ ቆየ። በ1979 ሹገርሂል ጋንግ የተባሉ ሦስት ልጆች «ራፐርስ ዲላይት» የሚል ሸክላ አወጡ። በንግድ በኩል መጀመሪያ የተሳካለት የራፕ ሸክላ እሱ ነው፤ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ 36ኛ ደረጃ ደረሰ።

ጉዱ ያለው ከሸክላው ጀርባ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢግ ባንክ ሃንክ ፒዛ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ያወረደውን ግጥም ያገኘው ግራንድማስተር ካዝ ከሚባል የብሮንክስ ልጅ ነው። ካዝ ግጥሙን ሰጠ፤ ሸክላው ዓለምን ዞረ፤ ካዝ ግን ስሙም አልተጻፈለት፣ ድርሻም አልደረሰው። ከግጥሙ ሥር የሚሄደው ሙዚቃ ደግሞ ሺክ የሚባለው ባንድ የሠራው «ጉድ ታይምስ» ነበር። የባንዱ ሰዎች ናይል ሮጀርስና በርናርድ ኤድዋርድስ ሙዚቃቸው ያለፈቃድ መወሰዱን ሲያውቁ እንከሳለን ብለው ተነሱ፤ ስማቸውም በደራሲነት እንዲገባ ተደረገ።

አያችሁ? በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተነጠቁ ወገኖች ነበሩ። ወረቀትና ጠበቃ የነበራቸው ተካሱ። ደብተር ብቻ የነበረው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለወጠ። ቢዝ ማርኪ የተባለው ራፐር የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ያለፈቃድ ቆርጦ በማስገባቱ በ1991 ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ውሳኔያቸውን የጀመሩት «አትስረቅ» በሚለው የኦሪት ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ከሰው ሸክላ ላይ ድምፅ ቆርጦ መጠቀም የራፐሩ ብልጠት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ፈቃድና ክፍያ የሚጠየቅበት ጉዳይ ሆነ።

«ታዲያ የአሜሪካ ወሬ ለአሶሳ ምኗ ነው?» የሚል አይጠፋም። ወደ ቤታችን ልመለስ። የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» አስቡ። የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ አራተኛ ቁጥር ላይ ወጣ። በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በሚባል የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰማ። በ2010 ደግሞ ራፐሩ ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» ለሚለው ዘፈናቸው መሠረት አደረጉት። አንድ ቀረጻ ነው፤ አራት ጊዜ ገበያ ወጣ። የተቀረጸ ሙዚቃ እንደ ማንጎ አይደለም፤ ወቅቱ አለፈ ተብሎ አይበሰብስም። ባለቤቱ በወረቀት ከታወቀ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ርስት ነው።

እኛ ግን ዘፈንን እንደ ርስት ማየት አልለመድንም። ለአዝማሪ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን፣ ለሚፎክርና ለሚያቅራራ ካባ እንደርባለን። ደግ ባህል ነው፤ እኔም አልጠላውም። ይሁንና ሽልማት የሰጪው ቸርነት ነው። ደስ ካለው ይሰጣል፣ ካላለው ይነሳል። ቀረጻ የሚያመጣው ገንዘብ ግን የዘፋኙ መብት ነው፤ ሰጪው ደስ አለው አላለው አይጠየቅም። በሽልማትና በመብት መካከል ያለው ልዩነት ያልገባው ዘፋኝ ዕድሜ ልኩን እጅ እንደነሳ ይኖራል።

መንግሥታትም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥራን ለአገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ስመ ጥር ዘፋኞቹ በአብዛኛው የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቴአትር ቤት ደመወዝተኞች ነበሩ። ያንን አጥር የደፈረው ሸክላ ቤት የነበረው ወጣት አምሃ እሸቴ ነው። በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ፣ አለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። እስከ 1975 ድረስ መቶ የሚያህሉ ትናንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል አልበሞች አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያደንቀው ሙዚቃ ብዙው የተረፈልን አንድ ነጋዴ ከመንግሥት ፈቃድ ውጭ ገበያ ስለከፈተ ነው። በደርግ ዘመን ሸክላው በካሴት ተተካ፤ ከካሴት ጋር ደግሞ ገልባጩ መጣ። ቀጥሎ ሲዲ፣ ከዚያ ፍላሽና ሚሞሪ። ሞባይል ቤት ገብታችሁ ጥቂት ብር ከፍላችሁ ሚሞሪ ስታስሞሉ፣ ከዚያ ብር ውስጥ ለዘፋኙ የሚደርሰው ስንት ነው? ምንም!

ሕግ የለም እንዳንል ሕጉ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሆን ብሎ የሰው መብት የጣሰን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። ወረቀቱ ያማረ ነው። ጥያቄው ከወረቀቱ ወርዶ አሶሳ መናኸሪያ ደርሷል ወይ የሚለው ነው።

እስቲ አንድ ነገር ላንሳ። በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መብራቱ ሲሸጥ በቆጣሪ ነው። አንዲት አምፖል ብታበሩ ቆጣሪው ይዞራል፣ በወሩም መጨረሻ ይጠየቃችኋል። ሙዚቃስ? በሆቴሉ፣ በአውቶቡሱ፣ በሬዲዮው ቀን ከሌት የሚጫወተው ዘፈን ቆጣሪው የት አለ? ለመብራት ቆጣሪ የሚገጥም መንግሥት ለዘፈን ሲሆን «ጥበብ የሕዝብ ነው» ይለናል። ጥበብ የሕዝብ ነው፤ ዘፋኙ ግን ሱቅ ሲሄድ ዘይት በነፃ አይሰጠውም!

አሁን ወደ ራሳችሁ ልምጣ። በአማርኛ ራፕ ቀድመው ስማቸው ከሚነሳው መካከል ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል አሉ። ቴዲ ዮ «ጉራጌቶን» ሲል የጉራጌን ምት ከላቲኑ ሬጌቶን ጋር አጋባ፤ ስሙን ሲሰሙት ብቻ ፈገግ ያሰኛል። ልጅ ሚካኤል ደግሞ ራፕንና ዜማን አዋዶ «ዛሬ ይሁን ነገ» የሚል አልበም አቀረበ። ከሁለቱም የምንማረው የኒውዮርክን ልጅ መኮረጅ ብቻውን ሩቅ እንደማያደርስ ነው። ሰው የሚሰማችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ነው።

እናንተ ምን አላችሁ? በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የሚኖሩበት፣ አማርኛ የሥራ ቋንቋ የሆነበት፣ ዓረብኛም በገበያው የሚሰማበት አገር ነው። በርታ ከኩርሙክ ወዲህም ወዲያም አለ፤ አድማጫችሁ በድንበር አይቆምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋዛ አላችሁ። በአማርኛ «ዋዛ» ማለት ቀልድ ነው፤ የበርታ ዋዛ ግን ቀልድ አይደለም። ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም ጥሩምባ ነው። እያንዳንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው ዜማ የሚሆነው። አንዱ ነፊ ቢቀር ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል።

ከናንተ አንዱ ነገ ይህን ዋዛ ቀርጾ፣ ከበሮ ጨምሮ፣ ራፕ ሊያወርድበት ነው። ያድርገው፣ ደስ ይለኛል። ያን ዕለት ግን ካዝን አስታውሱ። አባቶቻችሁን ቅርጹልኝ ብላችሁ፣ አመሰግናለሁ ብላችሁ ብቻ እንዳትሄዱ። ሕጉም ቢሆን ሲጫወት የሚቀረጽ ሰው ፈቃዱ መጠየቅ አለበት ይላል፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ነው። የነፊዎቹን ስም ጻፉ፣ ድርሻቸውን አስቀምጡ። ከአባቱ የሰረቀ ልጅ ሌላ ሰው ሲሰርቀው ማንን ይከሳል? በዚህ አገር ወርቅ አጥቦ ማውጣት የቆየ ሥራ ነው። ያጠበው ሌላ፣ ያጌጠበት ሌላ ሲሆንም ታውቃላችሁ። ድምፃችሁ እንደዚያ ወርቅ እንዳይሆን።

ለራሳችሁስ? ግጥማችሁን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሕጉ ሥራውን ባታስመዘግቡትም ይጠብቀዋል፣ ማስረጃ ግን ያስፈልጋችኋል። ስቱዲዮ ሳትገቡ ግጥሙ የማን፣ ቢቱ የማን፣ ከመቶ ስንት ለማን የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። «እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን» አትበሉ። ጓደኝነት የሚፈርሰው ብር ከመጣ በኋላ ነው፤ ብር ሳይመጣ መፈራረም ጓደኝነትን ማዳን ነው። አንድ ነጋዴ መጥቶ ዳጎስ ያለ ብር ቢያሳያችሁ ዘፈኑን ለዘላለም አትሽጡለት፤ ለስንት ዓመትና ለየትኛው ገበያ እንደሆነ ይጻፍ። ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው በራሱ ገጽ እንዲጭንላችሁ አትፍቀዱ፤ የራሳችሁን ክፈቱ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢው ለማካፈል 1000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል። ከባድ ነው፤ ግን የሰው ገጽ ላይ ሚሊዮን ዕይታ አግኝቶ ባዶ እጅ ከመቅረት ይሻላል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ «አውታር»ን የጀመሩት ዘፈን በስልክ ሂሳብ እንዲሸጥ ነበር። ኤልያስ በጥቂት ወራት ውስጥ አረፈ፤ አድማጭ በቀጥታ ለዘፋኙ ይክፈል ያለው ሐሳብ ግን ትክክል ነበር፣ ነውም።

ለባለሥልጣኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦች ቀን እዚሁ አሶሳ ተከብሯል። በዓል በመጣ ቁጥር የክልሉ ሙዚቃ ይፈለጋል፣ ካሜራ ይደቀናል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። እጠይቃለሁ፤ ያ የተቀረጸ ድምፅ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ለነፊዎቹ የሚታሰብ ሮያሊቲ አለ? ባህልን ማክበር ማለት ባለ ባህሉን በዓመት አንድ ቀን አስጨፍሮ መሸኘት ከሆነ፣ እሱ ነው ዋዛ! በሌላ በኩል ወጣቱ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ መፈናቀል፣ መተከል ላይ ስላለቀው ሕዝብ ራፕ ቢያወርድ «ይኼማ ፖለቲካ ነው» ብላችሁ መድረክ አትንሱት። ራፕ ብሮንክስ ውስጥ የተወለደው የሰፈሩ ሰው የሚሰማው አጥቶ ነው። ውዳሴ ብቻ እንዲሆን የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ስም አውጡለት።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ራፕ ያበላል ወይ ላላችሁኝ፣ እንደ ዋዛው ከሆነ ያበላል እላለሁ። ገጣሚው፣ ቢት ሠሪው፣ ነፊው፣ ቀራጩ፣ ሻጩ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ይዟል፤ ብሩም እንደ ድምፁ ተራ በተራ ሁሉም ጋ መድረስ አለበት። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ከግጥሙ በፊት ያን አንድ ገጽ ውል ጻፉ። እኔ የምፈልገው ከአሶሳ የሚወጣ አንድ ራፐር፣ ከማንም አበል ሳይጠብቅ፣ ያየውን ሲናገር መስማት ነው።