ፖስታው ከማን ነው?

(በአንድ የወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ አሜሪካ የፌዴራል ምርጫ ሕግና ስለ ምርጫ ገንዘብ ቁጥጥር እንድናገር ተጋብዣለሁ። እኔ የሕግ ምሁር አይደለሁም። ከዚህም ከዚያም ጋዜጣ እየጻፍኩ የምኖር፣ ዲፕሎማ ያለኝ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ አላደክማችሁም። ነገሩን ከራሴ ጉድ ልጀምር።

በ2013ቱ ምርጫ ሰሞን አንድ እጩ መግለጫ አለኝ ብሎ ጠርቶን ሄድን። ንግግር ተደረገ፣ ቡና ተጠጣ። ስንወጣ በር ላይ የቆመ አንድ ልጅ ፖስታ አደለን። «የትራንስፖርት ነው» አለ። የከፈትኩት ታክሲ ውስጥ ገብቼ ነው። አምስት መቶ ብር! ያን ወር የቤት ኪራይ አልከፈልኩም ነበርና ፖስታውን ኪሴ ከተትኩት። ማታ ቁጭ ብዬ ዜናውን ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር በዜናው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ግን አዳራሹ ግማሹ ባዶ እንደነበረ አልጻፍኩም። ያቺ አምስት መቶ ብር የገዛችው የጻፍኩትን አይደለም፣ ያልጻፍኩትን ነው።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ? ከእጩው? ከፓርቲው? ነገ መሬት ወይም ጨረታ ከሚፈልግ ነጋዴ? አላውቅም። ዜናዬን ያነበበው ሰው ደግሞ ፖስታ መኖሩንም አላወቀም።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ሾፌር ነው። ዜግነት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ምርጫ ለአንድ የኮንግረስ እጩ 250 ዶላር ሰጠሁ ብሎ በስልክ ነገረኝ። ጉራውን ነው ብዬ ከአዲስ አበባ ሆኜ በስልኬ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽኑን መዝገብ ከፈትኩ። ስሙ ቁጭ ብሏል! የሰጠው መጠን፣ የሰጠበት ቀን፣ «ሥራ፦ ሾፌር» የሚለው ሳይቀር! ደውዬ ስነግረው «እንዴ! አንተም ታየዋለህ?» አለና ሳቀ። ቀጥሎም «ለእናቴ እንዳትነግር፣ ለእሷ ሳልልክ ለፈረንጅ ሰጠ ትለኛለች» አለኝ።

እስቲ አስቡት። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሾፌር የሰጠውን 250 ዶላር አያለሁ። በገዛ ከተማዬ፣ በገዛ እጄ የተቀበልኩትን 500 ብር ግን ምንጩን አላውቅም።

*ነገርን ከሥሩ*

አሜሪካኖች እዚህ የደረሱት መላእክት ስለሆኑ አይደለም፤ ተዋርደው ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1907 ቲልማን የሚባለው ሕግ ኩባንያዎች ለፌዴራል እጩዎች ገንዘብ እንዳይሰጡ ከለከለ። ሕጉ ቢወጣም የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ስላልነበረ ብዙ ጥርስ አልነበረውም። በ1971 የፌዴራል የምርጫ ዘመቻ ሕግ ተደነገገ፤ እጩዎች ማን እንደሰጣቸውና ምን ላይ እንዳዋሉት እንዲያሳውቁ አዘዘ።

ወዲያው ዋተርጌት መጣ። ሰኔ 17 ቀን 1972 አምስት ሰዎች የዴሞክራቲክ ፓርቲን ቢሮ ሰብረው ሲገቡ ተያዙ። ጋዜጠኞች ዱካውን ሲከተሉ ለፕሬዚዳንት ኒክሰን ምርጫ የተሰጠ የ25,000 ዶላር ቼክ ከሰባሪዎቹ በአንዱ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ልብ በሉ! ታላቁን መንግሥት ካጋለጡት ማስረጃዎች አንዱ ተራ የባንክ ወረቀት ነው።

ከዚያ በ1974 ሕጉ ተሻሻለ። አንድ ግለሰብ ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ ከ1,000 ዶላር በላይ አይስጥ ተባለ። ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ስድስት የኮሚሽነር መቀመጫዎች አሉት፣ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ አይሆኑም፣ ቁም ነገር ለመወሰን አራት ድምፅ ያስፈልጋል። የልገሳው ጣሪያ በኋላ ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ እንዲወጣ ተደርጎ በ2024ቱ ምርጫ 3,300 ዶላር ደርሷል። ለማጣሪያው አንድ፣ ለዋናው ምርጫ አንድ ተብሎ ለየብቻ ይቆጠራል።

በጥሬው ከ100 ዶላር በላይ መስጠት ክልክል ነው። በሌላ ሰው ስም መስጠትም ወንጀል ነው፤ ገንዘቡን ለወንድምህ ሰጥተህ «በስምህ ስጥልኝ» ብትለው ትከሰሳለህ። ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ይመዘገባል።

እዚያ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም፣ ገንዘብ መስጠት ግን ይችላል። በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ሁለቱንም አይችልም። «ሀያ ዶላር ናት፣ ምን አለበት?» ብሎ መስጠት መዘዝ አለው።

*ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ*

እስካሁን ሳሞግስ ቆየሁ። አሁን ጉዱን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በክሊ በቫሌዮ በሚባለው ክርክር ሕጉን ለሁለት ከፈለው። ለእጩ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ እጩው ራሱ በሚያወጣው ላይ ግን አይቻልም፣ ገንዘብ ማውጣት ከመናገር ነፃነት ጋር የተያያዘ ነው አለ። በ2010 ደግሞ ሲቲዝንስ ዩናይትድ በሚባለው ጉዳይ፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከእጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ለቅስቀሳ የፈለጉትን ያህል ያውጡ ተባለ። ያው ዓመት ሳያልቅ «ሱፐር ፓክ» የሚባሉት ተወለዱ። ጣሪያ የሌለው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ጣሪያ የሌለው ገንዘብ ያወጣሉ።

ውጤቱን አየነው። በ2024 ኢሎን መስክ ብቻውን ዶናልድ ትራምፕንና ሪፐብሊካኖችን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የአክስቴ ልጅ 250 ዶላር ሰጥቶ ስሙ ተመዘገበ፤ ሰውየው ከዚያ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ሰጠ። ሁለቱም ሕግ አክብረዋል! ከዚህ የባሰው ደግሞ የሰጪዎቻቸውን ስም የማይገልጡ፣ የማኅበራዊ በጎ አድራጎት ስም የያዙ ድርጅቶች መኖራቸው ነው። እዚያ «ጨለማ ገንዘብ» ይሉታል። የእኔ ፖስታ ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

ኮሚሽኑም ቢሆን ሦስት ለሦስት እየተከፈለ ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ኖሯል። በ2019 እና በ2020 ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ለወራት መወሰን አቅቶት ነበር። በ2025 የጸደይ ወራት እንደገና አጣ። ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ምን እንደሚመስል እናንተው ታውቃላችሁ።

ታዲያ ገንዘብ ሁልጊዜ ያሸንፋል ወይ? አያሸንፍም። ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ለእጩነት ሲወዳደር ከገዛ ኪሱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ያሸነፈው በአሜሪካን ሳሞአ ብቻ ነው፣ ትንንሽ ደሴቶች! ስለዚህ «ባለገንዘብ ምርጫ ይገዛል» ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። ገንዘብ ሁልጊዜ የሚገዛው ሌላ ነው። በር ያስከፍታል፣ ስልክ ያስነሳል፣ ውለታ ያስይዛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ግን ሰውየው ከመሾሙ በፊት ማን አበላው ብለን አንጠይቅም።

*ወደ ቤታችን ስንመለስ*

ሕግ የለንም አልልም። የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አለ። ፓርቲ ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሒሳቡንም አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርብ ያዛል። ጥሩ ነው። ግን ለቦርድ ቀረበ ማለት ለመራጩ ቀረበ ማለት አይደለም። ገዢው ፓርቲም ሆነ የምንደግፈው ተቃዋሚ፣ «ማን ሰጣችሁ?» ሲባሉ ስሙን በቀን በቀኑ በአደባባይ ሊለጥፉ ይገባል። እዚህ ላይ ለወዳጅ ማድላት የለም።

«የሰጪው ስም ቢወጣ ጥቃት ይደርስበታል» የሚል ክርክር አለ። እኔ አልንቀውም፤ በእኛ አገር ለተቃዋሚ የሰጠ ነጋዴ ሱቁ ቢታሸግ የሚገርመው የለም። ስለዚህ መቶና ሁለት መቶ ብር የሚያዋጣው ምስኪን ስሙ ይሸፈን። ሚሊዮን የሚሰጠው ግን ይታወቅ። አሜሪካኖቹም 200 ዶላር ላይ መስመር ያሰመሩት ለዚሁ ይመስለኛል።

ይህ ደግሞ የፈረንጅ ፈሊጥ አይደለም። የሰፈራችን እድር በየወሩ ምን ያደርጋል? ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ይዞ ይቆማል፣ የከፈለው ይነበባል፣ ያልከፈለው ይነበባል፣ ለድንኳን የወጣው ይነበባል። አንድ ብር ብትጎድል አሮጊቶቹ አያስቀምጡትም! ለመቃብራችን ገንዘብ እንዲህ ከተጠነቀቅን፣ ለሚገዛን ሰው ገንዘብ ለምን ዝም እንላለን?

በመጨረሻ፣ ከእናንተ መካከል «አንተስ ከዚያ ወዲህ ፖስታ ተቀብለሃል ወይ?» የሚል መነሣቱ አይቀርምና ቀድሜ ልመልስ። ሁለት ጊዜ ቀርቦልኛል። አንዱን መልሻለሁ። ሁለተኛውን ተቀብዬ፣ ከዜናው ግርጌ «አዘጋጆቹ ለጋዜጠኞች ገንዘብ አድለዋል» ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጁ ያቺን መስመር ቆረጣት። ገንዘቡ ግን ኪሴ ቀረ። ስለዚህ እዚህ የቆምኩት ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ያቺ መስመር የማትቆረጥበት ሕግ ስለምፈልግ ነው።