አምስት ሰከንድ ለመሸጥ ስንት ወር ይፈጃል?
ከቻይና የማኅበራዊ ሚዲያ ሻጮች ጋር ስለ መሥራት ለሞዴል አርሶ አደሮች የቀረበ ገለጻ



ከክልላችን ተነሥታችሁ እዚህ ካዛንቺስ ድረስ የመጣችሁት ገበያ ለማየት ነው። በመንገዳችሁ ቻይና ቅርብ መሆኗን ሳታዩ አልቀራችሁም። በመስቀል አደባባይ የሚያልፈውና በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በቻይና ኩባንያ የተሠራ ነው። በዚህ ሰፈር ሆቴሎች የሚያርፉ ቻይናውያንም አሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን አገራቸው ተቀምጠው በስልክ ስለሚገዙት ቻይናውያን ነው፤ በእነሱና በእናንተ መካከል ስለሚቆመው ሰውም።

ይህ ሰው ማታ ማታ ካሜራ ፊት ይቀመጣል። ዕቃውን ያሳያል፣ ይቀምሳል፣ ዋጋውን ይናገራል፤ የሚያየው ሕዝብ በዚያው ስልክ ከፍሎ ይገዛል። በከተማ ቋንቋ «ተጽዕኖ ፈጣሪ» ይባላል። ለእኛ «ደላላ» ብንለው ይቀላል። ከምናውቀው ደላላ የሚለየው ገዢው ከሻጩ ይልቅ እሱን የሚያምን መሆኑ ነው።

አቅሙን በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ቪያ የምትባል ታዋቂ ቻይናዊት ሻጭ ከሩዋንዳ አምባሳደር ጋር ሆና የሩዋንዳን ቡና በቀጥታ ስርጭት አቀረበች። 3,000 ከረጢት፣ ማለትም 1.5 ቶን ቡና፣ በሰከንዶች ውስጥ አለቀ። ተራው የእኛ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022፣ 11,200 ከረጢት የኢትዮጵያ ቡና በ5 ሰከንድ ተሸጠ።

ይህን ስትሰሙ ብዙዎቻችሁ ፈገግ ብላችኋል፤ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን እናስላው። 1.5 ቶን 15 ኩንታል ነው። ተቆልቶ 15 ኩንታል እንዲመጣ ጥሬው ከዚያ ከፍ ማለት አለበት፤ ቢሆንም አንድ ትንሽ አይሱዙ ይጭነዋል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ይህን ያህል ከማሳው የሚያወጣ አለ፤ አንድ መሠረታዊ ማኅበርማ ያለ ችግር ያወጣዋል። እንግዲያው የቀጥታ ስርጭት ጥቅሙ ብዙ ኩንታል በማንሣቱ አይደለም። ኩንታል የሚያነሣው የተለመደው ላኪ ነው፤ እሱን አትተዉት። ስርጭቱ የሚያመጣው ስምና ዋጋ ነው። የዘጌ ቡና «ዘጌ» ተብሎ፣ በራሱ ከረጢት፣ በራሱ ታሪክ የሚሸጥበት መንገድ ነው።

ከ5 ሰከንዱ በፊት የነበረውንም ጊዜ ቁጠሩ። መንግሥታችን ከአሊባባ ጋር የኤሌክትሮኒክ ንግድ ስምምነት የፈረመው በኅዳር 2012 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የኩባንያው መሥራች ጃክ ማም መጥቶ ነበር። ከፊርማው እስከ 11,200ው ከረጢት ሁለት ዓመት አልፏል። ደግሞም ሻጩ «ግዙ» ባለ ሰዓት ዕቃው ቻይና ውስጥ፣ መጋዘን ገብቶ መጠበቅ አለበት። ቡናው ጅቡቲ ላይ እያለ የሚሸጥ ሻጭ ገዢው ይጮኽበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልግባ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጊዜ ነው። የቻይና ትልቁ የኢንተርኔት ገበያ ቀን ኖቬምበር 11 ነው፤ በእኛ ኅዳር 2። ያን ጊዜ የእናንተ ቡና ገና ከዛፉ እየተለቀመ ነው። ስለዚህ በኅዳር የሚሸጠው ያለፈው ዓመት ምርት ነው። ሁለተኛው ትልቅ ቀን ጁን 18፣ ማለትም ሰኔ 11 ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የተለቀመ ቡና ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ተመርምሮ፣ ባሕር አቋርጦ ለዚህ ይደርሳል። በእኔ ግምት አዲስ ምርት ይዞ ለሚቀርብ ማኅበር የሰኔው ይሻላል። ይህ ማለት ግን ከሻጩ ጋር የሚደረገው ንግግር ለቀማው ሳይጀመር፣ በመስከረም ይጀመራል ማለት ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ለእኛ ተመችቷል። ቻይና በ5 ሰዓት ትቀድመናለች። እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ሰው እራት በልቶ ስልኩን ሲያነሣ፣ እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ፀሐይ አለች፤ ማሳው፣ የማድረቂያ አልጋው፣ ለቃሚዎቹ በቀጥታ ይታያሉ። ኔትወርክ ካለ ማለቴ ነው።

ልጆቻችሁ ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ሊኖራቸው ይችላል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቻይና ውስጥ ቲክቶክ አይሠራም። የዚያው ኩባንያ ሌላ መተግበሪያ፣ ዶዪን የሚባለው ነው እዚያ ያለው። ታኦባኦም አለ፤ ሰዎች የወደዱትን ዕቃ ፎቶ አንሥተው የሚያወሩበት ሺያኦሆንግሹም አለ። በቲክቶክ ያያችሁት መቶ ሺህ ተመልካች ቻይናዊ ገዢ ነው ብሎ ውል ሊያስፈርማችሁ የሚመጣ ካለ ተጠንቀቁት። እውነተኛ ሻጭ ከሆነ ከዚህ በፊት የሸጠውን የምግብ ዓይነትና የተመለሰበትን መጠን አሳየኝ ሲባል ያሳያል።

የተመለሰበት ያልኩት አለምክንያት አይደለም። በቻይና ሕግ በኢንተርኔት የገዛ ሰው፣ ከአንዳንድ ዕቃዎች በቀር፣ በ7 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ሊመልስ ይችላል። የተመለሰው ቡና ወጪ በማን ላይ ነው? በውሉ ካልተጻፈ በአቅራቢው ላይ ይወድቃል። ሻጩም በነጻ አይሠራም። ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ ለመቅረቢያው ብቻ አስቀድሞ ያስከፍላል፣ በዚያ ላይ «ከየትም ያነሰ ዋጋ ስጡኝ» ይላል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ለአንድ ኪሎ የሚቀርላችሁ ለዩኒየኑ ከምታስረክቡበት በታች ከሆነ ስሙን በኪሳራ ገዛችሁት ማለት ነው። አንዴ ለማስተዋወቅ ይህን ማድረግ ያዋጣ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ግን አያዋጣም። «ሸጠን እንከፍላለን» በሚል ቃል ብቻ ዕቃ አታስወጡ። ክፍያው በባንክ በኩል ዋስትና ይኑረው።

በአንድ ሰው ላይም አትንጠልጠሉ። ያቺ የሩዋንዳን ቡና በሰከንድ የሸጠችው ቪያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ግብር አጭበርብራለች ተብላ 1.34 ቢሊዮን ዩዋን ተቀጣች፤ ገጾቿም በአንድ ቀን ከኢንተርኔት ጠፉ። ምርቱን ለእሷ ብቻ ያዘጋጀ አቅራቢ ያን ቀን ምን እንዳደረገ አስቡት። ለዚህ ነው ከአንድ ግዙፍ ሻጭ ይልቅ ቡና ብቻ የሚሸጡ ሦስት አራት መካከለኛ ሻጮችን የምመርጠው። ተከታያቸው ቢያንስም ቡና የሚጠጣ ነው።

ስለ አነጋገር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ምርታችንን ስናወድስ «ከዓለም አንደኛ» እንላለን፤ የማር ባለቤቶች ደግሞ «የጨጓራ መድኃኒት ነው» ትላላችሁ። የቻይና የማስታወቂያ ሕግ «ምርጥ» እና «አንደኛ» የመሳሰሉትን ቃላት ይከለክላል፤ ምግብ በሽታ ያድናል ማለትም ክልክል ነው። ሻጩ ይህን በእናንተ አፍ ካሰማ የሚቀጣው እሱ ነው፣ ውሉን የሚያፈርስባችሁም እሱ ነው። ይልቅ ከፍታውን፣ የለቀማውን ወር፣ የማድረቁን ዘዴ ተናገሩ። ይህ በማንም ሕግ አያስቀጣም፤ ገዢውም የሚወደው ይህንኑ ነው።

ስማችሁንስ? ቻይና ውስጥ የንግድ ምልክት የሚሆነው ቀድሞ ላስመዘገበው ነው። የማኅበራችሁ ስም በስርጭት ላይ ገንኖ ከታየ በኋላ ሌላ ሰው በስሙ ቢያስመዘግበው፣ በገዛ ስማችሁ ለመሸጥ ትከራከራላችሁ። አገራችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተሟግታ ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው በ2007 ነው። መንግሥት ሁለት ዓመት የፈጀበትን አንድ ማኅበር ብቻውን አይችለውም። ምዝገባው ከስርጭቱ በፊት ይሁን፤ በዩኒየኑ በኩል ይሁን።

ቀረጡ ዛሬ ችግር አይደለም። ቻይና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ እንደ እኛ ካሉ ባላደጉ አገሮች በሚገቡ ምርቶች ላይ ቀረጥን ዜሮ አድርጋለች። ቁጥጥሩ ግን አልተነሣም። ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ጥሬ ቡና፣ የቅባት እህልና የንብ ውጤት የሚያቀነባብር ወይም የሚያከማች ድርጅት በቻይና ጉምሩክ መመዝገብ አለበት። የመተማ ሰሊጥ አምራቾች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። በጅምላ ለዓመታት ቻይና የገባው ሰሊጣችን በትንሽ ከረጢት፣ በቻይንኛ ጽሑፍ ሲቀርብ ሌላ ዕቃ ነው፤ ሌላ ወረቀትም ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ሻንጋይ ድረስ አያስኬድም። አዲስ አበባ የሚኖሩ ቻይናውያን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለዘመድ ስጦታ ይይዛሉ። ለእነሱ የሚሆን 20 ትንንሽ ከረጢት አዘጋጁና ስጡ፤ ምን እንደወደዱና ምን እንደቸገራቸው ጠይቁ። ከረጢቱ ይከፈታል ወይ? ቀኑ ይነበባል ወይ? ቅምሻው ከቀድሞው ጋር አንድ ነው ወይ? መልሱን በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ጽፋችሁ ያዙ።

ከምሳ በኋላ በየወረዳችሁ ትቀመጣላችሁ። ይዛችሁ የመጣችሁትን ናሙና ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፤ ከአንድ ማኅበር የመጡ ሁለት ከረጢቶች ካሉ ጎን ለጎን እንከፍታቸዋለን።