ቁርጠት ሁሉ አንድ አይደለም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ነጭ እንክብል ነው። አብዛኞቻችን ቡስኮፓን እያልን እንጠራታለን። የመድኃኒቱ ዋና ስም ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ ነው፤ በሌሎች የንግድ ስሞችም ይመጣል። ሐኪም የሚያዝዘው ለሆድ ቁርጠት፣ ለሐሞት ከረጢትና ለሽንት ቧንቧ ቁርጠት ነው። በአግባቡ ሲወሰድ ብዙ ሰው የተጠቀመበት ጥሩ መድኃኒት ነው። የምንናገረው መድኃኒቱን ልናጥላላ አይደለም። የምንናገረው የራሳችንን ጥፋት ይዘን ነው።

እንደምታስታውሱት በቢሯችን የመድኃኒት ሣጥን ነበረን። ከደጋፊዎቻችን በተገኘ ገንዘብ የገዛነው ፋሻና አልኮል ነበረበት። ቀስ በቀስ ግን ከየቤታችን የተረፈው እንክብል ሁሉ ይጨመርበት ጀመር። ራሷን ያመማት ከዚያ ትወስዳለች፤ ሆዷን የቆረጣትም ከዚያ ትወስዳለች። «ምን አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኛም ደግ የሠራን ይመስለን ነበር።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን፣ የእንጀራ ትእዛዝ በበዛበት ሳምንት፣ አንዲት እህታችን ምጣድ ላይ ሳለች እምብርቷ አካባቢ ቆረጣት። «ይኼማ ጨጓራሽ ነው» አልናት። ከሣጥኑ ሁለት ፍሬ ሰጠናት። ሕመሙ ጋብ አለላት፤ በእንክብሉ ይሁን በራሱ ጊዜ ማንም አያውቅም። ተመልሳ ምጣዷ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ጎኗ ወረደ። ደግመን ሰጠናት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፣ አስመለሳት፣ ቀና ብላ መሄድም አቃታት። ሆስፒታል ስትደርስ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጣለች፤ ይህን እንድንናገር የጠየቀችንም ራሷ ናት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ደግሞ በሽታዋን የሚደብቅ መድኃኒት ሰጠናት። ስለዚህ ኮሚቴያችን ከፋርማሲ ባለሙያና ከጤና ጣቢያ ነርስ ጋር ቁጭ ብሎ የተማረውን ዛሬ ለሁላችሁም ማካፈል አለበት።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ እንወቅ። የአንጀታችን ግድግዳ ጡንቻ ነው። ነርቮቻችን «ተኮማተር» የሚል መልእክት እየላኩ ምግቡን ወደፊት ያስገፉታል። መልእክቱ ሲበዛ ጡንቻው ይጨብጣል፤ ቁርጠት የምንለው ያንን ነው። ይህ መድኃኒት መልእክቱ ጡንቻው ላይ እንዳይደርስ ይከለክላል፣ ጡንቻውም ይላላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጡንቻ ያላላል እንጂ ቁርጠቱን ያመጣውን ነገር አያድንም። አሜባ አይገድልም፣ ጃርዲያ አይገድልም፣ የሆድ ትል አያስወጣም፣ የጨጓራ ባክቴሪያንም አይነካም።

ሁለተኛ፣ ያንኑ ዓይነት መልእክት የሚቀበሉት አንጀትና ፊኛ ብቻ አይደሉም። ምራቅና ላብ የሚያመነጩ ዕጢዎች፣ ዐይን፣ ልብም ይቀበሉታል። የጎንዮሽ ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ አፍ ይደርቃል፣ ላብ ይቀንሳል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ አንዳንድ ሰው ዐይኑ ይደበዝዝበታል፣ ሽንት አልወጣ ይለዋል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልገውም።

በየጥጋጥጉ የምትበቅለውን አጠፋሪስን፣ በአንዳንድ ቦታ አስተናግር የምንላትን ተክል ታውቋታላችሁ። ፍሬዋን የበላ ልጅ አፉ ደርቆ፣ የዐይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ ልቡ እየደለቀ ሲቃዥ ያየን አለን። በእሷ ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ሃዮሲን ነው። ቡቲልብሮማይድ የተባለው መድኃኒት ከዚያ ከሃዮሲን ተለውጦ የተሠራ ነው፤ ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይገባ ተደርጓል፣ መጠኑም የተለካ ነው። ዘመድነቱ ግን መጠኑን ማክበር እንዳለብን ያስታውሰናል።

አሁን ወደ አወሳሰዱ እንምጣ። የተለመደው እንክብል 10 ሚሊግራም ነው። ለአዋቂ ሰው ሐኪም ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያዝዛል። በቀን ከ80 ሚሊግራም፣ ማለትም ከስምንት ፍሬ አይታለፍም። ይህን የነገርናችሁ ማዘዣችሁን እንድትረዱት እንጂ ራሳችሁ እንድታዝዙ አይደለም፤ የእያንዳንዷ ማዘዣ የራሷ ነው። እንክብሉ ሳይታኘክና ሳይፈጭ በውኃ ይዋጣል። ረስታችሁ ሰዓቱ ካለፈ ቀጣዩን በሰዓቱ ውሰዱ እንጂ ለማካካስ ደርባችሁ አትዋጡ። ቁርጠቱ ሲለቅ «ለማንኛውም» ብሎ መቀጠል የለም፤ መቼ እንደምታቆሙ ያዘዘላችሁን ጠይቁ።

በሰዓት ላይ ደግሞ እንጠንቀቅ። ልጆቻችን ስልካችን ላይ ማስታወሻ ሲሞሉልን የፈረንጁና የእኛ ሰዓት ይምታታል። በቀን ሦስት ጊዜ ከተባለ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት ብላችሁ በእጃችሁ ካርቶኑ ላይ ጻፉት። ማንበብ የማትችሉ እናቶቻችን ፋርማሲስቱ ፀሐይና ጨረቃ እንዲሥልላችሁ ጠይቁ፤ አያፍርባችሁም፣ አትፈሩት።

ጾምም አለ። ይህ መድኃኒት የግድ ከምግብ ጋር ካልሆነ አይወሰድም የሚባል አይደለም፤ ግን የቀኑን መጠን አጠራቅሞ ማታ ባንዴ መዋጥ አይገባም። ሁዳዴም ይሁን ረመዳን፣ እየጾምን መሆናችንን ለሐኪሙ አስቀድመን እንንገር።

እኛ ሥራችን ከእሳት ፊት ነው። መድኃኒቱ ላብ ስለሚቀንስ ሰውነታችን ሙቀቱን እንደልቡ ማውጣት አይችልም። ይህን መድኃኒት የምትወስድ እህት ምጣድ ላይ ስትውል በየመካከሉ ወጥታ አየር ትውሰድ፣ ውኃም ትጠጣ። ዐይኗ ከደበዘዘ ወይም ካዞራት የፈላ ድስት አታንሣ፣ ወፍጮ ቤት ማሽን አጠገብ አትቁም፣ መኪናም አትንዳ። ለአፍ ድርቀት በትንሽ በትንሹ ውኃ መጎንጨት፣ ለሆድ ድርቀት ደግሞ ጎመንና ተልባ፣ ውኃም በዛ አድርጎ መውሰድ ይረዳል።

ማን መውሰድ የለበትም? ግላኮማ ያለባት፣ በተለይ የዐይን ግፊት በድንገት የሚጨምርባት፤ ሽንት የሚከለክላት፤ ልቧ ያለ መጠን የሚፈጥን፤ ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለ የጡንቻ መድከም ሕመም ያለባት፤ አንጀቷ ታጥፏል ወይም ተዘግቷል ተብሎ የሚጠረጠር። ስለ ቤታችን ወንዶችም እናስብ፤ ፕሮስቴታቸው አብጦ ሽንት የሚያስቸግራቸው አባቶች ይህን እንክብል ከእኛ ተቀብለው ቢውጡ ሽንታቸው ጭራሽ ሊቆም ይችላል። ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያዝዝ አትውሰድ። የምታጠባም ወተት ሊቀንስባት ስለሚችል ታማክር። የልብ ሕመም ያለባት ደግሞ መርፌው ሊሰጣት ሲል ሕመሟን ቀድማ ትናገር፤ የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 እ.ኤ.አ. መርፌው ለልብ ሕሙማን ከባድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ሌላ የምንወስደው መድኃኒት ካለ ፌስታሉን ይዘን እንሂድ። ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን፣ በጉንፋን መድኃኒት ውስጥ የሚገባው ክሎርፌኒራሚን፣ እነዚህ ሁሉ አፍ የማድረቅና ሽንት የመያዝ ጠባይ ስላላቸው ከዚህኛው ጋር ሲደረቡ ጉዳቱ ይበረታል። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ደግሞ አንጀትን ስለሚያንቀሳቅስ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። የአስም መንፊያ የምትጠቀምም ልቧ ይበልጥ ሊፈጥንባት ስለሚችል ትናገር። ከፓራሲታሞል ጋር አንድ ላይ የተቀመመም አለ። ያንን የምትወስድ ሴት ሌላ ፓራሲታሞል ከጨመረችበት ሳታውቅ ከመጠን በላይ ልትወስድ ትችላለች፤ ጉበቷንም ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። እንክብሉን ትተን ወደ ሐኪም የምንሮጠው መቼ ነው? ሕመሙ እየበረታ ሲሄድ ወይም አልለቅ ሲል። ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታች ሲወርድ። ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ማስመለስ ሲጨመርበት። ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም ሲከለከል። ሰገራ ላይ ደም ሲታይ። ሆድ ሲነካ እንደ እንጨት ሲደርቅ። ራስን ሲያስት። ሴቶች ነንና ይህን በተለይ እንያዝ፤ የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በአንድ ጎን ከታች ከቆረጣት፣ ደም ጠብ ካለባት ወይም ካዞራት፣ ከማሕፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ይህ ሰዓት የሚሰጥ ነገር አይደለም። «የወር አበባ ቁርጠት ነው» ብለን እንክብል አንስጣት፣ መኪና እንጥራላት። ከእነዚህ ምልክቶች ባንዱ ላይ ማስታገሻ ውጣ የተኛች ሴት ሕመሟ ቀነሰ ማለት ዳነች ማለት አይደለም።

መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላም ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ዐይን ቀልቶ ካመመና ማየት ከቀነሰ፣ ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ መድኃኒቱ ይቁም፣ ወዲያው ወደ ሕክምና ይኬድ። ልጅ ያስቀመጥነውን አግኝቶ ከዋጠ ለማስመለስ አንሞክር፤ ካርቶኑን ይዘን ልጁን ወደ ሆስፒታል እናድርስ። ከሁሉ ይልቅ ልጅ እጅ ከማይደርስበት፣ ከምድጃና ከእርጥበት ርቆ፣ ከነካርቶኑ ይቀመጥ። ከካርቶኑ የወጣ እንክብል ስም የለውም፣ ጊዜው ያለፈበት መሆኑም አይታወቅም።

እህቶቻችን ሆይ፣ ይህን ሁሉ ተምረን ስናበቃ ነርሷ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ አፋችንን ዘጋው። «ሴትዮዋ ለምን በመጀመሪያው ቀን አልመጣችም?» አለችን። መልሱን እናውቀዋለን። ወረፋ ስትጠብቅ ትእዛዙ ያመልጣታል። ትእዛዙ ካመለጠ የቀኑ ገቢ የለም። የምጣዷን ቦታ የሚይዝላት የለም፣ ልጇን የሚይዝላትም የለም። እንክብሏን የዋጠችው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፣ ለመታመም ጊዜ ስላልነበራት ጭምር ነው። እኛም እንክብሉን ስንሰጣት፣ ሳናስበው፣ «ሥራሽን ቀጥዪ» ማለታችን ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ሦስት ነገር ወስኗል፤ ለጉባኤውም ያቀርባል። አንደኛ፣ የመድኃኒት ሣጥኑ ተዘግቷል። የነበሩት እንክብሎች ለጤና ጣቢያው ፋርማሲ ተመልሰዋል። በቦታው ፋሻ፣ ጓንት፣ ሳሙናና ለተቅማጥ የሚበጠበጥ ኦ.አር.ኤስ. ብቻ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ለሣጥኑ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለታመመች አባል የትራንስፖርትና የካርድ ወጪ ይውላል። ደጋፊዎቻችን ገንዘባችሁ ምን ላይ እንደዋለ የማወቅ መብት አላችሁና፣ ያጠፋነውንም ያስተካከልነውንም በግልጽ ነግረናችኋል። ሦስተኛ፣ ተራ አውጥተናል። አንዷ ሐኪም ቤት ስትሄድ ባለተራዋ ምጣዷን ትይዝላታለች፤ የዕለቱ ገቢም የታመመችዋ ነው። ይህን የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ በስብሰባው መጨረሻ እንጠይቃለን።

እስከዚያው ግን አንድ ቃል እንጋባ። ጎረቤታችን ሆዷን ይዛ ስትመጣ ቦርሳችንን ከመክፈታችን በፊት አጠገቧ እንቀመጥ። መቼ ጀመረሽ? የት ጋ ነው? አተኮሰሽ? አስመለሰሽ? የወር አበባሽ መቼ ነበር? ብለን እንጠይቃት። ከዚያም ተነሥተን አብረናት እንሂድ። ያቺ እህታችን በሦስቱ ቀን ውስጥ ከእኛ ያጣችው ይህንን ነበር።