የሚለዋወጥ ዒላማ፦ የቀላል ንጥረ ነገሮችን ክሮስ ሴክሽን ስለ መለካት



እ.ኤ.አ. በ1934 ኦሊፋንት፣ ሃርቴክና ራዘርፎርድ በካምብሪጅ ዲዩተሪየምን በዲዩተሮን ደብድበው ትሪቲየምንና ሂሊየም-3ን አገኙ። አጸግብሮቱ መኖሩን ከማሳየት ይልቅ ክሮስ ሴክሽኑን፣ ማለትም የመከሰት ዕድሉን በባርን መለካት ይከብዳል። የወጡትን ቅንጣቶች መቁጠርስ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ጨረሩ ስንት አተሞችን እንዳገኘ ማወቅ ነው፤ ዒላማው እየተደበደበ ሳለ ይለወጣልና። የፓምፑ ዘይት ተን በላዩ ካርቦን ያስቀምጣል፤ ካርቦን-12 ደግሞ ራሱ በዲዩተሮን ሲመታ ፕሮቶን ይለቃል። ከዚህ የባሰው፣ ቀድመው የገቡት ዲዩተሮኖች በዒላማው ውስጥ ተቀብረው ይቀሩና የኋለኞቹ ይመቷቸዋል፤ የሊቲየም ነው ብለን የቆጠርነው ኒውትሮን ከዲዩተሪየም የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዒላማውን ውፍረት ከሙከራው በፊት ብቻ ለክቶ የሚመጣ ተማሪ፣ የቆጠራ ስህተቱ 1 በመቶ ቢሆንም እንኳ፣ ውጤቱን አልቀበለውም። ከሙከራው በኋላም ይለካው፤ ባዶውን መደገፊያም ለብቻው ይደብድበው።