ልጅ ለመያዝ ፍቅር ብቻ አይበቃም
(በደሴ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የተናቀ ሥራ፣ ይኸውም ስለ ሞግዚትነት ነው። «ልጅ መያዝ ማን ያቅተዋል?» ስንል ኖረናል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ።

በአንድ የሕፃናት ማቆያ የ10 ወር ሕፃን ተቅማጥ ያዘው። ሞግዚቷ ከጀርባዋ ሳታወርደው እያለቀሰች ዋለች። ነገር ግን «ውኃ ተቅማጡን ያብስበታል» ብላ ጠብታ አላቀመሰችውም። እናቱ ማታ ከሥራ መጥታ ጡት ብትሰጠው መሳብ አቃተው፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ አፉ ደርቋል። ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። እኅታችን ፍቅር አልጎደላትም። የጎደላት ትምህርት ነው፤ ጥፋቱም ሳናስተምር የቀጠርናት የእኛ ነው።

ፍቅር መነሻ መሆኑን ወሎ በሚገባ ያውቃል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጥተው በረኃብ የተጎዱ ሰዎች አዩ፤ በሞተች እናቷ አጠገብ የቀረች ሕፃንም አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የደከሙበት ሥራ እንዲህ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ሁለት ልጆችን በእናት ልብ ማሳደግ ይቻል ይሆናል፤ ለሃያ አንድ ግን የሠለጠነ ረዳት ያስፈልጋል።

በኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራን እናት እናስብ። የ2011 የሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ሕፃን ግን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል። በመካከሉ ያሉትን ሦስት ወራት ሕፃኑን የሚይዘው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ራሷም ልጅ የሆነች የ12 ዓመት ልጅ ናት!

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። ከደቡብ ወሎ ብዙ እኅቶች ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ ይሄዳሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 እነዚህ እኅቶች የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ ጠየቀ። ለባዕድ ልጅ ምስክር ወረቀት ስንይዝ፣ ለደሴ ልጅ ምን እንጠይቃለን?

እንግዲህ በየፕሮጀክታችን ሞግዚት ስንቀጥር የሚከተለውን እንመልከት።

አንደኛ፦ ዕድሜዋ 18 ዓመት የሞላ ይሁን።

ሁለተኛ፦ የመድኃኒት ማዘዣ የምታነብና የልጁን ውሎ በደብተር የምትጽፍ ትሁን።

ሦስተኛ፦ በሳንባ ነቀርሳና በመሳሰሉት እንዳልተያዘች በሐኪም ትታይ።

አራተኛ፦ ልጅ የማትመታና ታጋሽ መሆኗን የሚያውቋት ይመስክሩላት።

አምስተኛ፦ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ትሠልጥን። እጅ መታጠብን፣ የታለበ የእናት ጡት ወተት በንጽሕና ይዞ በኩባያ ማጠጣትን ትማር። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ከ24 ሰዓት በኋላም የተረፈው እንደሚደፋ ትወቅ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ በብርቱ ተጎድቷልና ወደ ጤና ጣቢያ ታድርሰው። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የሚፈዝ ልጅም ለነገ አይባልም። ከዚህም ጋር ልጅን ማጫወትና ማነጋገር ትማር፤ ልጅ በምግብ ብቻ አያድግምና።

ከትምህርቱ በኋላ ልምድ ካላት እኅት ጋር ትሥራ፤ ቀጥሎም ለብቃት ምዘና ትቅረብ።

ይህን ሁሉ ከጠየቅን ደመወዟንም እናስብ። የፈርዖን ልጅ እንኳ ሙሴን ለምታጠባው ሴት ዋጋ ለመክፈል ተስማምታለች። እኛ ግን «አገልግሎት ነው» እያልን የድካሟን ዋጋ ማስቀረት አይገባንም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ በዚህ ዓመት አንዲት እኅት መርጦ የሥልጠናዋን ወጪ እንዲሸፍን እለምናለሁ። ያ ሕፃን ዛሬ ቆሞ ይሄዳል። ሞግዚቷም ሥራዋን አልተወችም፤ ኦ.አር.ኤስ. መበጥበጥን ለሌሎች የምታሳየው አሁን እርሷ ናት።

ጌታ ይባርካችሁ።