ዕውቀት ፍለጋና የቤተሰብ ሐቅ



ዛሬ ለዶክትሬት ትምህርት ቤተሰባቸውን ይዘው ባሕር ስለተሻገሩ ወንድሞችና እህቶች ጥቂት እንላለን።

ስዊድንን እንውሰድ። በዚያ የዶክትሬት ትምህርት በሙሉ ጊዜ 4 ዓመት ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ አባት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ይገባሉ። ማታም ምርምሩን ይዞ ይቀመጣል። ልጅ አባቱ ሲሰግድ ሳያይ ያድጋል፤ ሚስትም በባዕድ አገር ብቻዋን ትሆናለች።

«ዕውቀት መፈለግ ዒባዳ ነው» ይባል ይሆናል። ኒያው ከጠራ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ)፣ አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) በጾምና በሌሊት ሶላት ተጠምደው ባለቤታቸውን ችላ ማለታቸውን ባዩ ጊዜ፣ ለባለ ሐቅ ሁሉ ሐቁን እንዲሰጡ መከሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ምክር አጸደቁ። ሱና ጾምና የሌሊት ሶላት እንኳ የቤተሰብን ሐቅ ካላስቀሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዴት ያስቀራል?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በዚያው የብርድ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስለዚህ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሱብሒን ከቤተሰብ ጋር በጀመዓ መስገድ፣ ጥቂት ቁርኣንም አብሮ መቅራት ይቻላል። ዲግሪው ቢዘገይ ይደረስበታል፤ ያለፈ የልጅነት ዕድሜ ግን አይመለስም።

አላህ (ሱ.ወ) ዕውቀታችንን ጠቃሚ፣ ቤታችንን የዒባዳ ቤት ያድርግልን። አሚን።